እናቴ «ቦንቱ» የምትላት እንዝርት

የሄድነው ለጋቢ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለበለዚያ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህርና ለሠርጓ ሦስት ወር ያልሞላት ልጁ በሁዳዴ ፆም መካከል አሮጌ እንዝርት በነጠላ ጠቅልለው ወደ አምቦ ምን ሊሠሩ ወጡ የሚል አይጠፋም።

እናቴ አስካለ ለልጄ ለምሕረት የሠርግ ጋቢ በገዛ እጄ እፈትላለሁ ብላ ቃል የገባችው ምሕረት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች ነው። ሙሽራው ገና አልታወቀም፤ ጥጡ ግን ተገዝቶ ነበር። ዓመት ከዓመት ፈተለች። ባለፈው ኅዳር ስታርፍ ጋቢው በቁመት የሚዘረጋበት ድር ሞልቶ፣ ሸማኔው በወርድ የሚያስገባው ማግ ግን ሦስት ልቃቂት ያህል ጎድሎ ቀረ። እንዝርቷን ከራስጌዋ ስናነሳት ያላለቀ ክር እንደተጠመጠመባት ነበር።

ሦስት ልቃቂት ምን አላት፣ ከገበያ ገዝተን እንሞላዋለን ብዬ ክሩን ሽሮ ሜዳ ወደሚሸምነው ጋሽ መርዕድ ወሰድኩት። ጋሽ መርዕድ ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸት አሸት አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ።

«መምህር፣ እናትህ ግራኝ ነበሩ እንዴ?»

«አልነበረችም። በቀኟ ነው የምትበላ፣ በቀኟ ነው የምታማትብ። ስትፈትል ብቻ ግራ ናት።»

«ይኸውልህ፣ ክሩ የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነው። የገበያው ወደ ቀኝ ነው። ሁለቱን ባገናኛቸው ታጥቦ ሲደርቅ መስመር ያወጣል፤ አንዱ ጋቢ ሁለት ጋቢ ይመስላል። እኔ የሞተ ሰው ሥራ አላበላሽም።»

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ያሉ ሦስት ፈታዮች ዘንድ ሄድን። ሦስቱም ወደ ግራ ሊያዞሩ ሞከሩ፤ ክሩ አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን እየሆነ ተበጣጠሰ። አንዷ «ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ወደ ቀኝ የዞረ እጅ በትእዛዝ አይመለስም» ብላ እንዝርቱን መለሰችልን። ምሕረት መንገድ ላይ አለቀሰች። ሌላ ጋቢ እንግዛ ቢሏት ወይ ፍንክች፤ የአያቴን ካልለበስኩ ምንም አልለብስም አለች። እናቴ ባደገችበት አገር እንደሷ የምትፈትል አንድ ሴት አትጠፋም የሚለው ሐሳብም የእሷ ነው።

የእኔ ጉዳይ ሌላ ነበር፤ መደበቅ አልችልም። እናቴ እንዝርቷን እንዝርት ብላ አታውቅም። «ቦንቱን አቀብለኝ»፣ «ቦንቱ የት ገባች» ነበር የምትለው። ያደገችው እጃጂ ስለሆነ የዚያ አገር ቃል ነው ብዬ አምኜ፣ በቃላት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ቦንቱ፦ እንዝርት (ምዕራብ ሸዋ)» ብዬ አስፍሬዋለሁ፤ ለስንት ክፍል ተማሪም አስተምሬዋለሁ። ቦንቱ የሴት ስም መሆኑ አልጠፋኝም፤ ቦንቱ የሚባሉ ተማሪዎች ነበሩኝ፣ ኩሩ ማለት እንደሆነም ነግረውኛል። እኔ ግን መምህር አይደለሁ? እንዝርት ቀጥ ብላ ስለምትሾር በኩሩ ሴት መስለዋት ነው ብዬ ተረጎምኩት። እንዝርት የሚለውን ቃልም ቢሆን «ከዞረ የመጣ ነው» እያልኩ አርባ ዓመት ሳስተምር፣ ማስረጃ አምጣ ብባል አንገቴን ከማከክ በቀር የምለው የለኝም። እናቴን ግን አንድ ቀን እንኳ «ለምን ቦንቱ አልሻት?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አስኮ መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

የአምቦ ሚኒባስ ስልሳ አምስት ብር ነው። ረዳቱ ነጠላ የተጠቀለለውን እንዝርት አይቶ «ዱላ ከሆነ ከላይ ይጫን» አለ። ምሕረት ፈትታ አሳየችውና አሳለፈን። ከዚያ በኋላ እንዝርቷን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች።

ሆለታን እንዳለፍን ፀሐይ ሞቅ አለች። የካቲት ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ አልቆ ጭዱ በየአውድማው ዳር ተከምሯል። መሬቱ ጥቁርና የተሰነጣጠቀ ነው፣ ሰማዩ ግን ሰፊ። ምሕረት ከአዲስ አበባ በዚህ በኩል ወጥታ አታውቅም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፣ እሷ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «ይህን ሁሉ ትታ ነው እንዴ የመጣችው?» አለችኝ።

አዲስ ዓለም ላይ ወረድን። ምሕረት ደስ አላላትም፤ «ክር ፍለጋ ነው የወጣነው ወይስ ቃል?» አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት። በአንድ ወቅት አብረን ያስተማርን አንድ መሪጌታ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ይኖራሉ፤ ሳልጠይቃቸው ማለፍ አልሆነልኝም። ኮረብታውን ወጥተን ተሳልመን ስንወርድ በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

«እንዝርት ከዞረ ነው የመጣው እያልክ ታስተምራለህ አሉ» አሉኝ እየሳቁ።

«አይደለም እንዴ?»

«ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ሲፈትሉ አይቶ መሾሩን፣ መዞሩን ያስተዋለ ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኔ ያላየሁትን ሥር አየሁ አልልህም።» ከዚያ እንዝርቷን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሷት። ዘንጓ ቀጭን እንጨት ነው፣ ከላይ ያለው ክብ ግን ከቀንድ የተሠራ ሆኖ ሦስት በእሳት የተተኮሱ ነጠብጣቦች አሉበት። ቦንቱ ስለሚለው ስም ስነግራቸው እንዝርቷን መለሱልኝ። «መምህር፣ ስም ሁሉ ከግስ አይወለድም። ከሰው የሚወለድም አለ። አንተ ሁልጊዜ መዝገብ ነው የምታገላብጠው፤ እስቲ ደግሞ ሰው ጠይቅ።»

ምሕረት መንገድ ላይ «እኝህ ሰውዬ ደስ አሉኝ» አለች። እኔን ግን ትንሽ ቆጥቁጦኛል።

ጊንጪ ላይ መኪና ስንቀይር የሽምብራ ቆሎ በአሥር ብር ገዛን። ከዚያ እስከ አምቦ ሜዳው ተዘርግቶ ይሄዳል፤ በየመንደሩ ግራር፣ በየጥጉ ባሕር ዛፍ። እኔና ምሕረት ቆሎ እየተካፈልን ሄድን። እሷ ሦስት ልቃቂት ታስባለች፣ እኔ አንዲት ቃል።

አምቦ

ከመናኸሪያው ብዙ ሳንርቅ ባንድ ትንሽ ሆቴል ሁለት ክፍል በአምስት መቶ ብር ያዝን። ሽሮ ፈሰስ በልተን፣ በተወለደበት አገር ልጠጣው ብዬ አምቦ ውሃ አዘዝኩ። ምሕረት እዚህ ሲጠጣ ይለያል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይለያል አልኳት፤ ውሸቴን ነው፣ ያው ነው።

የገበያ ቀን ነበር። የጥጥ ሻጮቹ ተርታ ከእህል ተራው ጀርባ ነው፤ ነጭ ባዘቶ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ፣ አጠገቡ እንዝርት እንደ ችቦ ታስሮ ይሸጣል። ያለፍርሃት ወደ አንዷ ሴት ተጠግቼ፣ የአገሬውን ቃል እንደሚያውቅ ሰው፣ «እናቴ፣ ቦንቱ አለሽ?» አልኳት።

«ሦስት አሉን» አለች። «የትኛዋን ነው የፈለጉት ጋሼ?»

«ጥሩ የምትሾረውን።»

ተርታው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛዋ ሻጭ ከወዲያ «ቦንቱ፣ ጥሩ ትሾሪያለሽ ወይ ተብለሻል» ብላ ተጣራች፤ ወፈር ያለች ሴት ከጆንያ ጀርባ ብቅ ብላ «ባሌ ይጠየቅ» አለች። ምሕረት ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አርባ ዓመት ያስተማርኩት ቃል በአምቦ ገበያ መካከል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድምጥማጡ ጠፋ።

ሳቁ ሲበርድ ከዳር የተቀመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ጠሩኝ። የተርታው ሰው ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው፤ የእኛው ወይዘሮ ማለት ነው።

«እኛ እንዝርትን እንደናንተው እንዝርት ነው የምንላት፤ አፋችን ላይ ትንሽ ብትጎተት ነው» አሉኝ። «እናትህ ግን አልተሳሳቱም። የት ነው ያደጉት?»

«እጃጂ።»

«በዚያ በኩል መጀመሪያ የፈተልሽባትን እንዝርት በሰጠሽ ሰው ስም ነው የምትጠሪያት። የእኔ አዳዳ ትባላለች፤ የሰጡኝ አክስቴ ናቸው፣ እኛ የአባታችንን እህት አዳዳ ነው የምንል። ስሙን ካልጠራሽ ክሩ ይቋጠራል ይሉ ነበር። ቦንቱ ሰው ናት ልጄ። እናትህን ያስተማረች ሴት ናት።»

ክው አልኩ። በእናቴ አፍ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ስም የአንዲት ሴት ስም ነበር። በልጅነቴ ስንት ጊዜ «ቦንቱን አቀብለኝ» ብላኝ አቀብያታለሁ፤ ለካ በየቀኑ አንድ ሰው ታስታውስ ኖሯል። ምሕረት ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበችው። ክንዴን ጨበጥ አድርጋ «አባዬ፣ ያስተማረቻት ሰው ካለች ግራ የምትፈትል ሰው አለች ማለት ነው» አለች።

«በሕይወት ካለች» አልኳት።

«ካልኖረችም ሌላ ያስተማረችው አይጠፋም።»

ያን ማታ እራቷን ጠግባ በላች፤ ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ስትበላ አላየኋትም።

ከአምቦ እጃጂ

በማግስቱ ማለዳ ጉደርን አለፍን። ወንዙ በየካቲትም ቢሆን ድንጋዩ ላይ ነጭ እየሆነ ይወርዳል፤ ወይን እርሻው በቅጡ በተቀመጠ መስመር አረንጓዴ ነው። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጌዶ ይወጣል። እኔ በሕይወቴ ይህን ያህል ከፍ ብዬ ይህን ያህል አገር ከታች አይቼ አላውቅም። ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ መኪናውን ያልፈዋል፤ ደግሞ ገለጥ ሲል እርሻ በእርሻ ላይ፣ ጣሪያ በጣሪያ ላይ እስከ ዐይን መጨረሻ ይታያል። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ለምን እንደዘጋው አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ግን ፀጥ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት እናቴ ተድራ በዚህ ዳገት በጭነት መኪና ስትመጣ ምን አስባ ይሆን? እንዝርቷን ነጠላዋ ውስጥ ይዛት ይሆናል። ፈጣሪዬን «እንደው ያቺን ሴት በሕይወት አቆይልኝ» አልኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አልለምንም።

ጌዶ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በልተን ቁልቁል ወረድን፤ ከአምቦ እጃጂ ሰባ ብር ከፍለናል። እጃጂ አስፋልቱን ተከትላ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ የእህል መጋዘን፣ የቆሙ ጭነት መኪናዎች። አየሩ ሞቅ ያለ ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ አስቁመን፣ ጥጥ የሚፈትሉ፣ ቦንቱ የሚባሉ ትልቅ ሴት ያውቅ እንደሆን ጠየቅነው።

«አዴ ቦንቱን ነው? ማን የማያውቃቸው አለ» አለን። «ግቡ።»

ምሕረት እጄን ይዛ እስክንደርስ አልለቀቀችም።

አዴ ቦንቱ

ቤቱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግቢው ሰፊ፣ በአንድ በኩል ያረጀ የቅንጭብ አጥር ቅሪት ያለበት ነው። አዴ ቦንቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ከሰማንያ የዘለሉ ይመስሉኛል፤ ፊታቸው ጠቆር፣ ዐይናቸው ግን ሕያው ነው። «አካም ጂርቱ» ብዬ እጅ ነሣሁ፤ ደኅንነቴን በኦሮምኛ ጠይቀው ወዲያው ወደ አማርኛ ዞሩ፤ ከተሜ መሆኔ ገብቷቸዋል።

ነጠላውን ፈትቼ እንዝርቷን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኳት። ባቄላውን ተዉት። በአውራ ጣታቸው የቀንዱን ክብ ዳበሱ፣ ሦስቱን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ነኩ።

«ይቺ የአባቴ ሥራ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ቀንድ ይሠራ ነበር። ይህን ነጥብ የሚያወጣ እሱ ብቻ ነው። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የአስካለ ልጅ ነኝ።»

እንዝርቷን እንደያዙ ፊቴን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ «የጸሐፊው ልጅ አስካለ» አሉ፤ የእናቴ አባት የዚያ ወረዳ ጸሐፊ ነበር። «አለች?»

«ኅዳር ላይ ዐረፈች።»

እንዝርቷን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። አላለቀሱም፤ እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደ ልጅ የጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጉዳያችንን ነገርናቸው። ምሕረት የእናቴን ልቃቂት አውጥታ ሰጠቻቸው። ጣታቸው በሽታ ይዞት እንደሆነ አይቻለሁ፣ መገጣጠሚያው አብጧል፤ ግን ከቤት ባዘቶ አስመጡ፣ እንዝርቷን ቀኝ ጭናቸው ላይ አደረጉና በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ሸርተት አደረጓት። እንዝርቷ ሾረች። በግራ እጃቸው ጥጡን ወደ ላይ ሳቡት፣ ክሩ ከምንም ነገር እንደሚወጣ እየቀጠነ ወጣ። ሦስቴ፣ አራቴ ደገሙት። ምሕረት ክሩን በጥሳ በሁለት ጣቷ አሸችው፤ ጋሽ መርዕድ አስተምሯት ነበር።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«አባዬ፣ ቀኝ ነው» አለችኝ።

ቅስሜ ተሰበረ። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ የመጣነው ለዚህ ነበር፤ እናቴን ያስተማረች ሴት ተገኘች፣ የምትፈትለው ግን እንደ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው። ምሕረት እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነከሰች። አዴ ቦንቱ እያዩዋት ምን ሆናለች ብለው ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው። የእናቴን ክር አንሥተው እሳቸውም አሹት፣ ወደ ብርሃን አነሡት፣ ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። ይስቁ ኖሯል።

«ያቺ የተዘጋባት ልጅ» አሉ። «እንዴት ረሳሁት?»

የነገሩን እንዲህ ነው። የእናቴ እናት በአራስነት ሞተች። አባቷ ልጁ እንዳትጠፋበት ፈርቶ፣ ቢሮ ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይሄድ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ቦንቱ የጎረቤት ልጅ ናት፣ በአምስት ዓመት ትበልጣታለች። ቅንጭቡ መካከል የእጅ ማስገቢያ የሚያህል ክፍተት ነበር። ቦንቱ በወዲህ በኩል ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ ትፈትላለች፣ አስካለ በወዲያ በኩል ተቀምጣ ታያታለች። አንድ ቀን ቦንቱ የተረፈቻትን እንዝርት በክፍተቱ አሳለፈችላት።

«ፊት ለፊቴ ነበር የምትቀመጠው» አሉ አዴ ቦንቱ። «አጠገቤ ሆና አይታኝ አታውቅም። ቀኜ ያለው በግራዋ በኩል ነው፤ እንዳየችው አደረገችው። በግራዋ ስታሾር ‘አይደለም፣ በዚህኛው’ ብዬ እጄን አነሣለሁ፣ እሷ ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለውን ታነሣለች። በኋላ ተውኩት። ክሯ ከእኔ ይልቅ ያምር ነበር።»

አንዲት እናት የሌላት ልጅ በአጥር ቀዳዳ የሰው እጅ እንደ መስታወት አይታ ተማረች፤ እንዳየችውም ሳታስተካክል እስክትሞት ፈተለች። እኛ ልጆቿ በእሷ ጋቢ ስንሞቅ ነው የኖርነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን ከእናቱ ጋር ኖሮ ይህን ሳያውቅ ይቀራል ወይ?

አዴ ቦንቱ ግን ሐሳቤን የሚያዳምጡ ሰው አይደሉም። እንዝርቷን ለምሕረት ሰጥተው ለራሳቸው ሌላ አስመጡ፣ በርጩማቸውንም ወደ ቅንጭቡ ቅሪት አስጠጉ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከዚያ ማዶ ተቀመጪ። አጠገቤ እንዳትመጪ። ፊት ለፊቴ።»

ምሕረት ተሻግራ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ቀኝ ጭናቸው ላይ አሾሩ፤ እሷ በግራ እጇ ግራ ጭኗ ላይ። እሳቸው በግራ ሳቡ፣ እሷ በቀኝ። የመጀመሪያው ክር ተበጠሰ። ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም ተበጠሰ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ ክንድ የሚያህል ክር ሳይበጠስ ወጣ፤ እንደ ጅማት ወፍራም ነው፣ ግን ተጠምዝዟል። ምሕረት በጣቷ አሸችውና አላመነችም፤ ደግማ አሸችው።

«ግራ ነው» አለች።

አዴ ቦንቱ «እንግዲህ መጣችልሽ» አሉና ባቄላቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

ሦስት ቀን እጃጂ ቆየን። እኔ ቀን ቀን አስፋልቱን ስዞር፣ ንፍሮ ስበላ፣ ከእህል ነጋዴዎች ጋር ስለ ዋጋ ስጨቃጨቅ ዋልኩ፤ እነሱ ሁለቱ ማዶ ለማዶ ተቀምጠው ይውላሉ። በሦስተኛው ቀን ክሩ ከእናቴ ክር ጎን ሲደረግ የዐይን ልዩነቱ እየጠበበ መጥቷል። አዴ ቦንቱ ማር በውሃ የተበረዘ ብርዝ አቀረቡልንና ልንሰናበት ስንል ምሕረት እንዝርቷን እየጠቀለለች «ቦንቱን እዚህ እናስቀምጥልዎት እንዴ? የእርስዎ ናት» አለቻቸው።

«የእኔ አይደለችም» አሉ። «ላንቺ ማን ሰጣት?»

«አያቴ።»

«ታዲያ የሰጠሽን ሰው ስም ነው የምትጠሪያት። እኔ አስካለን ሰጠኋት፣ እሷ ቦንቱ አለቻት። እኔ የምፈትልባት ጫልቱ ነው ስሟ፤ ጫልቱ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ በየቀኑ እጠራታለሁ።» ከዚያ የምሕረትን ጉንጭ ነክተው ፈገግ አሉ። «እኔ አልሞትኩም፤ ስሜን መልሺልኝ። ከእንግዲህ አስካለ ናት።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር ገባኝ። እንዝርት የሚለው ቃል ከየት መጣ ብዬ ስባዝን የኖርኩት ሰውዬ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የሴቶች ስም መዝገብ በእናቴ ጭን ላይ ሲሾር እያየሁ አላነበብኩትም። ያቺ ጫልቱስ እንዝርቷን ምን ብላ ትጠራት ነበር? ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ባጃጁ ጠርቶናል።

አዲስ አበባ

ቤት እንደገባሁ ደብተሬን አወጣሁ። «ቦንቱ፦ እንዝርት (ምዕራብ ሸዋ)» የሚለውን ልሰርዘው ብዕሬን አነሣሁ። አልሰረዝኩትም። ከሥሩ «እጃጂ የምትኖር ሴት፤ እናቴን በአጥር ማዶ ያስተማረች» ብዬ ጻፍኩበት። ስለ እንዝርት ሥረ ቃል ዛሬ የሚጠይቀኝ ቢኖር አላውቅም እላለሁ፤ ደግሞም ከአርባ ዓመት በኋላ አላውቅም ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑ ገርሞኛል። አገር ጥሎ ለሚሄድ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከመሄዱ በፊት እናቱን ስለ እጇ ሥራ ይጠይቅ። መንገዱ ያስተማረኝ ይህን ነው።

ምሕረት ፆሙን ሙሉ ማታ ማታ ፈተለች። ክር ሲበጠስባት ፊት ለፊቷ ወንበር አስቀምጣ አዴ ቦንቱ የተቀመጡበት ታስመስለዋለች። ከፋሲካ በኋላ ሦስቱን ልቃቂት ለጋሽ መርዕድ ወሰድንለት። አሸው፣ አየው፣ ወደ መሸመኛው ይዞት ገባ። በአሥራ አምስት ቀኑ ጋቢውን ሰጠን፤ አጥበን ፀሐይ ላይ ስናሰጣው መስመር አልወጣበትም። ጋሽ መርዕድ ወደ ጥጉ አንዲት ቦታ ላይ ጣቱን አሳርፎ «እዚህ ጋ አዲስ እጅ ገብቷል፤ ትንሽ ይጎረብጣል» አለ። ምሕረት ያን ቦታ ነው በሠርጓ ቀን ደረቷ ላይ ያዋለችው።

ግንቦት ላይ ተዳረች። ቤቱ ጭር ሲልብኝ አንድ ማታ ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ አስካለን ረስቻት ሄድኩ። የት አለች?»

እንዝርቷ ከራስጌዬ፣ እናቴ ታስቀምጣት የነበረበት ቦታ ላይ ነበረች።

«እዚህ ናት» አልኳት። «እኔ ጋ ናት።»